የትንሿ ሽጉጥ መሐላ

በኅዳር ወር 2006 ዓ.ም.፣ የዐስር ሶላት እንዳለቀ፣ ከጅዳ ወደ መካ በሚያወጣው አሮጌ መንገድ ላይ ቀለሟ የተላጠ ካምሪ መኪና ትከንፍ ነበር። በውስጧ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ መሪውን የያዘው በላይና ከጎኑ በዓባያ ተጠቅልላ የተቀመጠችው ሄርሜላ ሀብተ ማርያም። ሹመይሲ በሚባለው ቦታ የሚጠብቋቸውም ሁለት ነበሩ፤ በመካ ጀርወል ሰፈር ቁልፍ ሠሪ የሆኑት ሐጂ አብዱልሃሚድና ባለቤታቸው መኪያ። የሆነውን ያዩት እነዚህ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሄርሜላን ብትጠይቋት ግን በዚህ አትስማማም። የጅዳውን ሰፈር ካራንቲናን ከለቀቁ ጀምሮ የኋላው ወንበር ባዶ እንዳልሆነ ታውቃለች።

«መስኮቱን ዝጋው» አለችው።

«ኧረ ይሞቃል።»

«ከኋላ ይበርዳል።»

በላይ በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተ። «ከኋላ ማን አለና ነው የሚበርደው?»

ዓባያዋን ሰብስባ ወደ ፊት አየች። እሱም ትከሻውን ሰብቆ መስኮቱን ዘጋ። በላይ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማውም፣ ካለቀ ቆይቷል። ካራንቲና ውስጥ ግን የታመመ ሲኖር፣ የጠፋ ሲፈለግ፣ ሰው የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። አፉ አያርፍም እንጂ ልቡ ደግ ነው ይሉታል።

የሄርሜላና ከኋላው ወንበር ያለችው ሴት ነገር እንዲህ ነው። ሄርሜላ በፓስፖርቷ ሀጀር ናት። ስሙን የሰጣት ደሴ ያገኘችው ደላላ ነው፤ ለእስላም ሴት ቪዛው ቶሎ ይወጣል ብሎ። ከእሷ ጋር የተነሣችው ሶልያናም በዚያው ወረቀት ሂንድ ሆነች። ስሙን እንደ ተውሶ ነጠላ ነበር ያዩት፤ እዚያ ሲደርሱ የሚያወልቁት መስሏቸው። ሲደርሱ ግን ማዳሟም፣ ከፊል የሚሉት አስመጪ አሠሪዋም፣ የጎረቤት ልጅ ሳይቀር ያንኑ ስም ጠራ። ሄርሜላ መካ ውስጥ፣ ሩሰይፋ፣ ሀጀር ሆና ሠራች። ክርስቲያን እግሩን የማያስገባበት ከተማ ውስጥ ማዕተቧን በሻርፕዋ ጠርዝ ሰፍታ ኖረች። በኋላ ከሰው ቤት ጠፍታ ካራንቲና ስትገባ ሶልያናን በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አገኘቻት። ማሚቴ የምትባል ጠንካራ ሴትም አብራቸው ነበረች።

ከዚያ ያ ወር መጣ። ወረቀት የሌለው ሁሉ ይውጣ ተባለ። ፖሊስ በቀን ይፈልጋል፤ ከፖሊስ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ማንነታቸው የማይታወቅ ጎረምሶች አጋጣሚውን አይተው የሐበሻ ሴቶችን በር መስበር መጀመራቸው ነበር። አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ሲል፣ የእነሄርሜላን በር ሰበሩ። ለበሩ ቅርብ የነበረችው ሶልያና ናት። ይዘዋት ሄዱ። ሬሳዋ የተገኘው ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከኪሷ ፓስፖርቷ ስለተገኘ ሂንድ ተብላ ታጠበች፣ ሂንድ ተብላ ተገነዘች፣ ሂንድ ተብላ ተቀበረች። ያጠቧት ሴቶች ሥራቸውን በወጉ ሠርተው አልቅሰውላታል አሉ። ነገር ግን ፍትሐት አልተደረሰላትም። በስሟ የጠራት ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ መግሪብ ሲል ሄርሜላ በሩ ላይ የጥፍር ድምፅ ትሰማለች። ማሚቴ አትሰማም። ከድምፁ በኋላ ሶልያና ትገባለች፤ እርጥብ ፀጉሯን በትከሻዋ ላይ ጥላ ጥግ ትቀመጥና ሁልጊዜ ያንኑ ትጠይቃለች። «ሄርሚ፣ ማን ብለው ጠሩኝ?»

ሄርሜላ ሽጉጥ የፈለገችው ከዚያ በኋላ ነው። ለበላይ የነገረችው ለበሩ ነው። ለራሷ የነገረችው ሌላ ነበር፤ እነዚያ ሰዎች ሲመለሱ እሷን በሕይወት አያገኟትም። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

«ያውልሽ ሹመይሲ» አለ በላይ።

በስተግራ የስደተኞች ማቆያው ረጅም ግንብ ታየ። እጃቸውን የሰጡ ሐበሾችን የጫኑ አውቶቡሶች ከበሩ ፊት ተሰልፈዋል። በየመስኮቱ ፌስታልና ብርድ ልብስ ያቀፉ ሴቶች ይታያሉ። በላይ ፊቱን አዞረ። አለፍ ብሎ የተዘጋ ሻይ ቤት ነበር፤ ከሻይ ቤቱ ማዶ ደግሞ የሐረሙን፣ የተቀደሰውን ምድር፣ ድንበር የሚያመለክቱት ነጫጭ ምሰሶዎች ቆመዋል። ከነዚያ ምሰሶዎች ወዲያ መካ ነው።

ሐጂ አብዱልሃሚድ ከፒካፓቸው ጎን ቆመው ነበር። አያታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። ሐጂ እራሳቸው ጀርወል ተወልደው አርጅተዋል፤ አማርኛቸው ግን የወሎ ነው። መኪያ ደግሞ የሩሰይፋ እመቤቶችን ልብስ እየሰፉ ቤት ለቤት ሲዞሩ ነው ሄርሜላን ያወቋት። ከመኪናው ወርደው አቀፏት።

«ሀጀር፣ የኔ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽ?»

«ደኅና ነኝ፣ ኻላ መኪያ።» በዐረብኛ አክስቴ ማለቷ ነው።

«ደኅና አይደለሽም። እኔ ይሄን ብረት አልወደውም። ይልቅ ከኛ ጋር ሂጂ፤ ጀርወል ማንም በሬን አይሰብርም። ሐጂም ፈቅደዋል።»

ሄርሜላ አንገቷን ደፋች። ሐጂ የፒካፑን ጀርባ ከፍተው ከቴምር ካርቶን ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«መጀመሪያ ትምረጥ፤ ከዚያ ትወስናለች። እኒህን አባቴ ነው የተወልኝ፤ የሐጃጅ መኪና ሲጠብቅ የያዛቸው ናቸው። መካ ገብተው አያውቁም። በሐረም ውስጥ ርግብ እንኳ አይባረርም፣ ዛፍ አይቆረጥም፤ ሽጉጥ ምን ሊያደርግ ይገባል? ከዚህ ወዲህ በሕራ በምትባለው ከተማ ዘመድ ቤት ነው የሚቀመጡት። ለዚህ ነው እዚህ የጠራሁሽ። የሽጉጥ መቆሚያው እዚህ ነው።»

የክርስቲያንም መቆሚያ እዚሁ ነው፣ አለች ሄርሜላ በልቧ።

ሐጂ ፎጣውን ፈቱት። ሦስት ሽጉጦች ነበሩ። አንደኛው ጥቁርና ከባድ፣ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ብራውኒንግ። ሁለተኛው የእስፓኝ ሥራ ሲሆን ሞላው ዝጎ ምላጩ ተጣብቋል፤ ሐጂ እሱን ወዲያው ወደ ጎን አደረጉት። ሦስተኛዋ በመዳፍ ውስጥ የምትጠፋ የጣሊያን ቤሬታ፣ ስድስት ነጥብ ሠላሳ አምስት።

በላይ በትንሿ ሳቀ። «ሐጂ፣ ይቺስ ምንድን ናት? ቅንድብ መንቀያ ናት?»

«ስቀህ ጨርስ። አንተ የተማርከው በክላሽ ነው። በክላሽ የተማረ ሰው ሽጉጥ ሲመርጥ ጫማን በጭንቅላቱ ላይ እንደሚለካ ነው።»

«እኔ ለሷ ብዬ ነው። ሌባ ይቺን ቢያይ የሚሸሽ ይመስልዎታል? ለልጁ መጫወቻ ይጠይቃታል።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለች ሄርሜላ።

«እሺ፣ ካላስ፣ ዝም ብያለሁ» አለ፤ ዝም ግን አላለም። «ብራውኒንጉን ያዢው። ሴትዮዋ ሽጉጥ ይዛለች የሚባለው እሱን ስትይዢ ነው።»

ሐጂ ትልቁን ባዶ አድርገው፣ አፈሙዙን ወደ አሸዋው አዙረው ሰጧት። በሁለት እጇ ተቀበለችው። ቀዝቃዛ ነበር፤ ክብደቱ ክንዷን ወደ ታች ጎተተው።

«አሁን ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳቢው። ጥይት የሚጎርሰው እንደዚያ ነው።»

ሳበችው። ብረቱ ትንሽ ተነቃነቀና ተመለሰ። ጥርሷን ነክሳ ደገመችው። ጣቶቿ በክሎሮክስ በረኪና ተቃጥለው ቆዳቸው ተሰነጣጥቋል፤ አንጓዎቿ አብጠዋል። ብረቱ ከእጇ ሲያመልጥ የስንጥቁ ደም ላዩ ላይ ቀረ።

«የማዳም ሥራ ነው ይሄ» አሉ መኪያ እጇን አይተው። «ሦስት ፎቅ ቤት በባዶ እጇ ታሳጥባት ነበር።»

ሐጂ ትልቁን ተቀብለው ትንሿን ሰጧት። «ይቺ መሳብ አያስፈልጋትም። ይቺን ጫን በያት።»

ከጎኗ ያለችውን ትንሽ ብረት በአውራ ጣቷ ስትጫን አፈሙዙ እንደ ሳጥን ክዳን ብድግ አለ። ጥይቷ በቀጥታ ትገባለች፤ ክዳኑ ይዘጋል፤ ሌላ ጉልበት አይፈልግም። ሽጉጧ እጇ ውስጥ ሞላች። ለእሷ ተለክታ የተሠራች መሰለች።

«እንግዲህ ስሚኝ» አሉ ሐጂ። «ሰው የመጀመሪያ ሽጉጡን ሲመርጥ የሚያምረውን አይመርጥም፤ እጁን የማያስደነግጠውን ነው። ትልቁ ሲጮኽ ጀማሪውን ያስፈራዋል፤ የፈራ እጅ ሁለተኛውን ጥይት ግድግዳ ላይ ነው የሚያሳርፈው። ትንሿ አትራገጥም። ለመማር እሷን የመሰለ የለም። ግን ደግሞ ልዋሽሽ አልችልም። ትንሿ ወንድ አታስቆምም። የተናደደ ሰው በሷ ተመትቶ በርሽን ገንጥሎ ይገባል፤ ድምፅዋም ከጎረቤት አያልፍም። ትልቁ ቢስት እንኳ ሰፈሩ ይነሣል።»

«ብዬ ነበር» አለ በላይ።

ሄርሜላ ትንሿን ከእጇ አላወረደችም። «ይቺ ትሁን።»

ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ መኪያን አዩ። በላይ አጉረመረመ።

«ደም አለባት?» አለች ሄርሜላ።

በአባቷ አገር፣ መንዝ፣ መሣሪያ ሲገዛ ይህ ከዋጋው ይቀድማል። ሰው የገደለ ብረት የሟቹን ጥላ ይዞ ቤት ይገባል ይሉ ነበር አባቷ። እሷ አንድ ጥላ አላት፤ ሌላ መጨመር አልፈለገችም።

«ወላሂ፣ ንጹሕ ናት። አባቴ እባብ እንኳ አልመታባትም።»

«እንግዲያው ልውሰዳት። ዋጋውን ከበላይ ጋር ጨርሳችኋል።»

«ዋጋው አልቋል። መሐላው ግን ቀርቷል።» ሐጂ እጃቸውን በትንሿ ሽጉጥ ላይ ጫኑ፤ የእሷም እጅ በመሃል ሆነ። «አባቴ ሽጉጦቹን ሲያወርሰኝ መሐላውንም አውርሶኛል። ተቀባዩ ስሙንና ያባቱን ስም ጠርቶ ሦስት ነገር ይምላል። በሐረም አላነሣውም ይላል። በንጹሕ ሰው አላነሣውም ይላል። በራሴ ላይ አላነሣውም ይላል። ያለዚህ ከእጄ አይወጣም። በያ ልጄ፣ እኔ ሀጀር ብለሽ ጀምሪ።»

«እኔ ሀ...»

 የካምሪው በር ሳይዘጋ ቀርቶ ኖሮ ከኋላው ወንበር ላይ ሶልያና በዚያ እርጥብ ፀጉሯ ተቀምጣ ትመለከታታለች። መግሪብ ገና ነው። ከዚህ ቀደም በፀሐይ መጥታ አታውቅም። አፏን ስትከፍት ሄርሜላ ጥያቄውን ሳትሰማ አወቀችው።

«እኔ ሄርሜላ ሀብተ ማርያም ነኝ» አለች።

በላይ «ወይ ጉድ» ብሎ ራሱን ያዘ። ሐጂ እጃቸውን አላነሡም። መኪያ ግን ወደ ኋላ ተንቀሳቀሱ።

«ክርስቲያን ነሽ?»

«አዎ፣ ኻላ።»

«አብረን አፍጥረናል እኮ። ሩሰይፋ፣ እዚያች ወጥ ቤት ውስጥ፣ አንቺ ሳምቡሳውን ስትጠብሺ። ረመዳኑን ሙሉ።»

«ጾሙንስ ጾሜዋለሁ፣ ኻላ መኪያ። ጾም ላይ አልዋሸሁም።»

መኪያ ያለቅሱ ወይም ይቆጡ እንደሆነ አልታወቀም። ወደ ነጫጮቹ ምሰሶዎች አዩ። «እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ላሻግርሽ አልችልም። እያወቅሁ አላደርገውም። አላህ ያየኛል።»

«አውቃለሁ። ስናገር አውቄ ነው የተናገርሁት።»

የጀርወሉ ቤት በዚያች ቃል ተዘጋ። ሄርሜላ የተከፈተላትን ብቸኛ በር በገዛ እጇ እንደዘጋች ገብቷታል። የሚገርመው ግን ደረቷ ቀለል አላት።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስሟን እውነቱን ተናግራለች። በሐሰት ስም ምላ ብትወስደው ነበር ከአባቴ ጋር የምታጣላኝ። ቀጥዪ ልጄ።»

«በሐረም አላነሣውም።»

«ሁለተኛውን።»

«በንጹሕ ሰው አላነሣውም።»

«ሦስተኛውን።»

አንድ አውቶቡስ አቧራ እያስነሣ አለፈ። ውስጡ ያለች ሕፃን እጇን አወዛወዘችላቸው፤ መልስ የሰጣት አልነበረም። ሄርሜላ ከንፈሯን አላቀቀች፤ ቃሉ ግን አልወጣም። መዋሸት ትችል ነበር። ሐጂም ቢሆኑ ልቧን ከፍተው አያዩም። ነገር ግን በእውነተኛ ስሟ ከማለች በኋላ በዚያው ስም መዋሸት አቃታት።

በላይ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «አንቺ» አለ ቀስ ብሎ። «ለበሩ ነው አላልሽኝም?»

«በላይ፣ ሂድና መኪናህን አዙር» አሉት ሐጂ። በላይም ሄደ፤ መኪናውን ግን አላዞረም፤ ግንባሩን ጣሪያው ላይ አስደግፎ ቆመ።

ሐጂ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈትተው ትንሿን ሽጉጥ ወሰዱ። አልታገለቻቸውም። «በር የሚጠብቅ ሰው ያንን ሁሉ ነግሬው ትንሿን አይመርጥም» አሉ። «ስትመርጪ ነው የደነገጥሁት።»

መኪያ ተመልሰው ቀረቡ። የተሰነጣጠቀውን እጇን ያዙ። «ወደዚያ መኪና ምንድን ነው የምታዪው? ማን አለች እዚያ?»

«ሶልያና።» ልጅቷ ከሞተች ወዲህ ስሟን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። «ሂንድ ብለው የቀበሯት። ማን ብለው ጠሩኝ ትለኛለች። የምመልስላት የለኝም።»

መኪያ ካምሪውን አዩ። ለእሳቸው ባዶ ወንበር ነው። ቢሆንም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ለታየ ሰው እንደሚደረገው። «ሱብሃነላህ። እናት አላት?»

«አለች። ሸዋ ሮቢት ናት። እስካሁን ዐረብ አገር በደኅና ትሠራለች ነው የሚመስላት።»

«ታዲያ አንቺም ከሄድሽ ለእናትየው ማን ይነግራታል? ይቺን ልጅ በስሟ የሚያውቃት ማን ሊቀር ነው? በላይ? እሱ የራሱንም ስም የሚያስታውስ አይመስልም።»

ከመኪናው በኩል «እሰማለሁ እኮ፣ ኻላ» የሚል ድምፅ መጣ።

«ስማ፤ እንድትሰማ ነው።» መኪያ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ትልቁን ይስጧት።»

«እንዴት? እያየሽ መሳብ አቃታት።»

«ለዚያ ነው የምልዎት። ብቻዋን አትስበውም። እዚያ ቤት ማሚቴ የምትባል ጉልበተኛ አለች ብላኝ ታውቃለች። ይቺ ትይዛለች፣ ማሚቴ ትስባለች። ሌባ ሲመጣ ሁለት ሆነው ይቁሙ። ብቻዋን ስትሆን ብረት ነው፤ ድስት መክደኛ ታድርገው።»

ሐጂ ትልቁን በእጃቸው መዘኑት። «መሐላውስ? አባቴ ምን ይለኛል?»

«ሁለቱን ምላለች። ሦስተኛውን እጇ ይማልላት።»

ሽማግሌው ከፂማቸው በታች ፈገግ ያሉ መሰለ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተመለሰ። ብራውኒንጉን በፎጣው ጠቅልለው ለሄርሜላ ሰጡ። ጥይት ያለበትን ካዝና ግን ለእሷ አልሰጧትም፤ በላይን ጠርተው በመዳፉ ላይ አኖሩት። «ይሄን ለማሚቴ በእጇ ትሰጣለህ። ሁለቱ ዕቃ ከአንድ ሰው ዘንድ አይደር። ካልሰማህ ጀርወል ድረስ ና ብዬ እወቅስሃለሁ።»

«እኔን መካ ያስገቡኛል እንዴ፣ ሐጂ?»

«አላስገባህም። ምሰሶው ጋ አቁሜ ነው የምገርፍህ።»

መኪያ ሄርሜላን ሲሰናበቷት አቀፏት። ምን ብለው እንደሚጠሯት የቸገራቸው ይመስል ነበር። መጨረሻ ላይ «አብሽሪ፣ ሄርሜላ» አሉ። ስሙን እንደ አዲስ ልብስ በጥንቃቄ ነው የተናገሩት።

 ሲመለሱ በሕራን አልፈው የጅዳ ጭስ ሲታይ በላይ ወደ መስታወቱ አይቶ «አሁንም አለች?» አላት።

«አለች።»

«መስኮቱን ልክፈትላት ወይስ ልዝጋው?»

ሄርሜላ ዞር ብላ አየች። ሶልያና ዐይኗን ጨፍና ራሷን ወንበሩ ላይ ጥላለች፤ ከሥራ ስትመለስ በአውቶቡስ ውስጥ እንደምታደርገው። «ተዘግቶ ይቆይ» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ማሚቴ ሽጉጡን ባየች ጊዜ አማተበች፤ ወዲያው እጅጌዋን ሰበሰበች። ሄርሜላ እጀታውን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ ማሚቴ ከፊቷ ሆና እንዳትመታ በጎን ቆማ፣ ባዶውን ብረት እንደ በር መቀርቀሪያ ሳበችው። በአንድ ጊዜ መጣ። ሁለቱም ተያዩ።

«ቀላል ነው እኮ» አለች ማሚቴ። «ሊጥ ከማቡካት አይብስም። ለመሆኑ መግሪብ ሲል የምትደነግጪው ምን እየሰማሽ ነው? ሁልጊዜ ልጠይቅሽ እልና እተወዋለሁ።»

ሄርሜላ ነገረቻት። ማሚቴ እስኪያበቃ ሰማች። ከዚያ ካዝናውን ጡቷ ሥር ሸሽጋ፣ ሶልያና የምትቀመጥበት ጥግ ላይ የነበረውን የልብስ ክምር አነሣችና ቦታውን ባዶ አደረገችው።

በሩን የሰበሩት ሰዎች በዚያው ሳምንት ተመለሱ። ማሚቴ ሳበች፣ ሄርሜላ ወደ ጣሪያው ተኮሰች፤ ሰፈሩ ተነሣ፣ እነሱም ሸሹ። በማግስቱ በላይ ሽጉጡን ባሕር ውስጥ ጣለው፤ ሁለቱ ሴቶችም ሹመይሲ ሄደው እጃቸውን ሰጡ። ሄርሜላ ለመዝጋቢው በእውነተኛ ስሟ ተናገረች። በሀጀር ስም ከተመዘገበው አሻራዋ ጋር ስላልገጠመ ማሚቴ ቀድማ ስትሳፈር እሷ ማቆያው ውስጥ ቀረች፤ የተለቀቀችው በገና ሰሞን ነው። ከቦሌ በቀጥታ ሸዋ ሮቢት ሄዳ ለሶልያና እናት ነገረች። ሄርሜላ የማታውቀውን የሶልያናን የክርስትና ስም ለቄሱ የነገሩት እናቷ ናቸው። ፍትሐቱ በጥር ተደረገ።